እናቴ ተኝታ የመረጠቻት ጀልባ

ገና ዘጠኝ ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ሳለሁ፣ አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ፣ ሴንትራል ዲስትሪክት የሚባል ሰፈር ከነበረው ቤታችን ጓሮ፣ እሑድ እሑድ አመሻሽ ላይ ጋሽ ሥዩም በከሰል ዓሣ ይጠብሱ ነበር። የአባቴ አጎት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ። ዓሣው ተበልቶ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ናቲ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበን፣ በቀይ ባሕር ላይ በሸራ ጀልባ ስለሚጓዙ ነጋዴዎች የሚተርኩትን እንሰማለን። ከሁላችንም ይልቅ ተረቱ የማረከው ግን አባቴን ነበር። አንድ ቀን «ጀልባ እንግዛ፤ ሰመሩን፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ከደሴት ደሴት እንዙር» አለ።

እናቴ ውኃ ትፈራለች። «ልጆቼን ለባሕር አልሰጥም» አለች። ያኔ እናቴ እንቢ ካለች አለቀ። ጋሽ ሥዩም ግን «መጥተሽ እይ እንጂ ልጄ፤ ካልወደድሽው ይቀራል» ብለው ለመኗትና አንድ ቅዳሜ ሁላችንም የሚሸጡ ጀልባዎች ወደቆሙበት ሐይቅ ሄድን።

የአባቴ ዓይን ያረፈው በአንዲት ነጭ፣ ቀጭን፣ ፈጣን ጀልባ ላይ ነበር። ለሙከራ ወጣን። ነፋሱ ሲነካት በአንድ ጎኗ ጋደለች፤ እናቴ የጀልባዋን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ «መልሱኝ!» ብላ ጮኸች። ተመለስን። አባቴ አንገቱን ደፋ።

«እስቲ ያቺን ደግሞ እንያት፤ የመጨረሻ ናት» አሉ ጋሽ ሥዩም።

ሆደ ሰፊ፣ አሮጌ የእንጨት ጀልባ ነበረች። ምሰሶዋ አጭር ነው፤ አራት ማዕዘን ሸራዋን ከላይ የሚወጥረው በሰያፍ የሚሰቀል ወፍራም እንጨት ነው።

«ይቺ እኮ አትሮጥም ጋሼ» አለ አባቴ።

«ማን ያባርርሃል?» አሉት።

እናቴ «ውኃውን ማየት አልፈልግም» ብላ ከታች ወዳለችው ጠባብ ክፍል ወረደች። ሸራው የሚነሳው በሁለት ገመድ ስለነበር ጋሽ ሥዩም አንዱን ለእኔ፣ ሌላውን ለናቲ ሰጡን። እኔ ቀድሜ ስስብ እንጨቱ ዘመመ። ናቲ «ዌይት! ዌይት!» እያለ ይጮሃል፤ ጋሽ ሥዩም «እኩል! እኩል!» ይላሉ። እኩል ስንስብ ያ ቡናማ ሸራ ከራሳችን በላይ ተዘረጋ፤ ጀልባዋም ሳትጋደል፣ ቀስ ብላ ሐይቁን ትሰነጥቀው ጀመር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ዞረን እስክንመለስ የእናቴ ድምፅ አልተሰማም። አባቴ ደንግጦ ወረደ፤ እኛም ተከተልነው። ከትንሿ የብረት ምድጃ አጠገብ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች እንቅልፍ ወስዷታል። በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠራ ሴት ነበረች፤ በቀን ተኝታ አይቻት አላውቅም።

አባቴ ትከሻዋን ነካ ሲያደርጋት ዓይኗን ገለጠች። «ምነው፣ ቆየን እኮ! መቼ ነው የምንነሳው?»

ጋሽ ሥዩም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አባቴ ከላይ መሪ ይዞ የነበረውን የጀልባዋን ባለቤት ጨብጦ ግዢውን ለመጨረስ ደረጃውን እየዘለለ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሰመሮች፣ በአንዱ ደሴት ጥግ መልህቅ ጥለን ስናመሽ፣ ጋሽ ሥዩም በፋኖስ ብርሃን ብዙ ተረት ነግረውናል። ውኃው እያወዛወዘኝ ስለምተኛ የአብዛኞቹን መጨረሻ አልሰማሁም። ዛሬ እሳቸው የሉም። ናቲ አንዳንዴ ከሚኖርበት ከቤልቪው ኮል ያደርግና «ያ ዕንቁ የዋጠው ዓሣ በኋላ ምን ሆነ?» ይለኛል። የመሰለኝን እነግረዋለሁ፤ «ኖ፣ እንደሱ አይደለም» ይላል። እሱም ተኝቶ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን እየሳቅን እስኪደክመን እንከራከራለን።