ያልተነኩት ሦስት ድንቾች

የጡት ካንሰር ሕክምናዬን ጨርሼ ዳንግላ ከተመለስኩ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ፀጉሬ በቅሏል፤ ያየኝ ሁሉ «እንኳን ዳንሽ» ይለኛል። ድካሙ ግን አልለቀቀኝም። ጠዋት ቤቴን ጠርጌ ሳልጨርስ ጉልበቴ ያልቅና እጋደማለሁ። ሐኪሙ «ሳይደክምሽ እረፊ» ብሎኛል፤ ሰው ፊት ማረፍ ግን ያሳፍረኝ ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር እኔም ቢላዬን ይዤ ሥራ ላግዝ ሄድኩ። ሴቶቹ ለአልጫ የሚሆን ድንች ይልጣሉ። ሥራውን የሚመሩት አሮጊት አንድ ሳህን ድንች ሰጡኝ። ጥቂት እንደላጥኩ እጄ ዛለ።

«ምነው ልጄ፣ ደከመሽ?» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እማማ።»

«ደህናስ አይደለሽም። በይ ግድግዳውን ደገፍ በይ።»

ደገፍ አልኩ፤ በዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ጋቢ ደርበውልኛል፤ ድንቹ ሁሉ ተልጦ ታጥቧል። እኔ ሳህን ላይ ብቻ ሦስት ያልተላጠ ድንች ቀርቷል።

«ምነው ሳትቀሰቅሱኝ ቀራችሁ?» አልኩ አፍሬ።

«ለምን ብለን?» አሉ እማማ። «ሥራሽን ግን አልወሰድንብሽም። እነዚህ ያንቺ ናቸው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ዓይኔ ግን እንባ ሞላ። ከታመምኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ አዝኖልኝ ሥራውን ከእጄ ይቀማኝ ነበር። ሦስቱን ድንች ቀስ ብዬ ላጥኩ፤ ማንም አላጣደፈኝም።

ድካሙ አሁንም አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰው ቤት ስሄድ «ትንሽ ልረፍ» ማለት አያሳፍረኝም። እነዚያን ሴቶች እግዜር ያክብርልኝ።