ከተሳቢው ኋላ

ዓባይነህ መጠበቅ አይሆንለትም። አውቶቡስ ከዘገየ በእግሩ ይጀምረዋል፤ ፖስታ ቤት ሰልፍ ላይ ከቆመ ይቁነጠነጣል። ሮም ውስጥ ያገኘው ሥራም ከጠባዩ ጋር የሚሄድ ነበር። ለአንድ ኮኦፔራቲቫ ሾፌር ሆኖ አዛውንቶችን ከቤታቸው ወደ ሐኪም ያመላልሳል፤ አርፍዶ አያውቅም። ሚስቱ ዘርፈሽዋል አንዲት አሮጊት ሲኞራ ዘንድ እያደረች ስለምትሠራ፣ ለቤቱም ጣጣ አብዛኛውን እሱ ነው የሚሮጠው።

ጓደኛው ተስፎም ዝግ ያለ ሰው ነው። አስመራ ተወልዶ አማርኛን ትምህርት ቤት የተማረ፣ ከመናገሩ በፊት ትንሽ የሚያስብ። የተዋወቁት ፖንቴ ማሞሎ፣ ያኔ ስደተኛው በጣውላና በቆርቆሮ ጎጆ ቀልሶ ይኖርበት በነበረው ሜዳ ላይ ነው። ዓባይነህ መግቢያ አጥቶ ሻንጣውን ይዞ ሲቆም፣ ተስፎም ማንነቱን እንኳን ሳይጠይቅ ፍራሹን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀለት። ያን ብርድ አብረው አሳለፉት። ኋላም የዓባይነህ ልጅ ትንሿ ማርቲ ከእናቷ ጋር ከአዲስ አበባ ስትመጣ፣ አባትና እናት ሥራ ላይ ሲሆኑ ትምህርት ቤት በሞቶሪኖው፣ በትንሿ ሞተር ብስክሌቱ፣ የሚያደርሳት ተስፎም ነበር። «ዚዮ ተስፎም» ትለዋለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው። እሱ ሚስትም ልጅም የለውም።

ማርቲ ልታገባ ሆነ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ነው። ፖንቴ ማሞሎ አጠገብ የተከራዩት አዳራሽ ግን ባዶውን ነው፤ ወንበርም ጠረጴዛም የለውም። ተስፎም ከሮም ወጣ ብላ ባለችው ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ አንድ ትልቅ ግቢ በአትክልተኝነት ይሠራ ነበርና ጌቶቹን አስፈቀደ። ለድግስ የሚያወጧቸውን ታጣፊ ወንበሮችና ጠረጴዛዎች፣ መጫኛ የሚሆን ትንሽ ተሳቢም ጭምር ፈቀዱለት። የቀረው የዓባይነህ መኪና ላይ መጎተቻ ማስገጠም ብቻ ነበር። ሮም ጋንቾ ይሉታል።

ጋራዡ የሲኞር ኦታቪዮ ነው። እሳቸው ዕድሜ ቢጫናቸውም ከመኪና ሥር ገብተው የሚሠሩ ሰው ናቸው። ዓርብ ከቀትር በፊት ዓባይነህ ሲመጣ የኋላው ፓራውልት ተመልሶ ታስሯል፤ ከሥሩ አዲሱ ጋንቾ ብቅ ብሏል።

«አሎራ» አሉት፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ብረቱ ገብቷል። የኤሌክትሪኩ ዕቃ ግን አልደረሰም። የመኪናህ ኮምፒውተር የተሳቢውን መብራት እንዲያውቀው የራሱ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። ነገ ጠዋት ይመጣል፣ ወዲያው እገጥምልሃለሁ።»

«ዛሬ ባወጣውስ?»

«መኪናህን ውሰድ። ተሳቢ ግን እንዳትቀጥልበት። ፍሬን ስትይዝ ከኋላህ ያለው ሰው አያይም፤ ፍሬቻም የለውም።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለ ዓባይነህ።

ፍሬንም ፍሬቻም አዲስ አበባ ጋራዥ ሠፈር ላደገ ሰው የልጅነት ቃላት ናቸው። አልገባኝም ነበር ሊል አይችልም። ዛሬም ድረስ ይህን ለራሱ ይነግረዋል።

ቅዳሜን መጠበቅ ይችል ነበር። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነው። ነገር ግን የሙሽራው ወላጆች ዓርብ ማምሻውን አዳራሹን ሊያዩ እንመጣለን ብለዋል። ዓባይነህ ደግሞ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ «ነገ ይመጣል» እያለ ሲያብራራ ታየው፤ አልወደደውም። መኪናውን አስነስቶ በቀጥታ ወደ ካስቴልኑቮ ነዳ።

ወንበሮቹን ሁለቱ ጭነው፣ በገመድ ጠፍረው፣ ሸራ አለበሱ። ተስፎም የተሳቢውን ገመድ ይዞ ከጋንቾው አጠገብ ጎንበስ አለ።

«ይሄ የት ነው የሚሰካው?»

«ሶኬቱ ነገ ነው የሚገባው።»

«እንግዲያው ነገ እንውሰደው።»

«ገና ቀን እኮ ነው፣ ተስፎም። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ሰዎቹ ሊያዩ ይመጣሉ ብዬሃለሁ።»

ተስፎም ገመዱን እንደያዘ ቀና አለ። ወደ ሸለቆው አየ። ከቴቬሬ ወንዝ በኩል ጭጋጉ መነሣት ጀምሯል።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «እኔ በሞቶሪኖዬ ከኋላህ እከተላለሁ። ቢያንስ የእኔ መብራት ይታያል።»

ዓባይነህ ሣቀ። «አንተ ደግሞ ነገር ታካብዳለህ» አለው። አትምጣ ግን አላለውም።

ቁልቁለቱን ወርደው ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ ላይ ሲገቡ ጭጋጉ አስፋልቱን ሸፍኖት ነበር። ዓባይነህ በመስታወት የምትታየውን አንዲት ክብ ብርሃን ከተሳቢው ጀርባ ብቅ ጥልቅ ስትል ያያታል። ከፊቱ አንድ ትራክተር ከማሳ ወጥቶ መንገዱን ዘጋ። ፍሬን ያዘ። ወዲያው ከኋላ አንድ ነገር ሲንኳኳ ሰማ፤ መኪናው በመጠኑ ወደ ፊት ተገፋ። ወንበሮቹ ተንሸራተቱ ብሎ አሰበ። ተናደደም፤ ገመዱን አጥብቀን ማሰር ነበረብን እያለ ወረደ።

ወንበሮቹ በቦታቸው ነበሩ። ከተስፎም ኋላ ይመጣ የነበረ የዕቃ ማድረሻ መኪና ሞቶሪኖውን ገጭቶ ከተሳቢው ጋር አጣብቆታል። ሾፌሩ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «የተሳቢው መብራት አልበራም፣ አላየሁም» ይላል። ተስፎም በጎኑ ተጋድሟል፤ አንድ እግሩ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል።

ዓባይነህ ተንበርክኮ ጃኬቱን አለበሰው። ምን እንደተናገረ አያስታውስም። ተስፎም ያለውን ግን ያስታውሳል።

«ለማርቲ እንዳትነግራት። ሠርጓ ይለፍ።»

ከፖሊሶቹ የደበቀው ነገር የለም። ፓቴንቴውን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ ወሰዱበት።

አዳራሹ ውስጥ የገቡት ሌሎች ወንበሮች ናቸው፤ ዘርፈሽዋል እንባዋን እየዋጠች በስልክ አፈላልጋ ያገኘቻቸው። እሑድ ማርቲ በነጭ ቀሚሷ ሆና ደጋግማ በሩን ታይ ነበር። «ዚዮስ?» ስትለው ዓባይነህ «ኢንፍሉዌንዛ ይዞት ተኛ፤ ሳላያት ቀረሁ ብሎ ያለቅሳል» አላት። ውሸቱ በቀላሉ ወጣለት። ከሙሽራው አባት ጋር እስክስታ ወረደ። ያየው ሁሉ ደስተኛ አባት ነው ይል ነበር።

ሰኞ ነገራት። ማርቲ አልጮኸችም። «ፓፓ፣ እሱ ሆስፒታል ተኝቶ እኔ ስጨፍር ቆመህ ታየኝ ነበር?» አለች። «እሱ ነው አትንገራት ያለኝ» ቢላት፣ «እሱማ እንዲህ ነው፤ ምንጊዜም ለእኛ ነው የሚያስበው። አንተስ?» ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። የሠርጉን ፎቶ እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ አልሰቀለችውም።

የተስፎም ዳሌ በብረት ተያዘ። ወራት ፈጀበት። በከዘራ መራመድ ቢጀምርም፣ ማጎንበስና መቆፈር ግን ቀረ፤ ግቢውን ሌላ አትክልተኛ ያዘው። እሑድ እሑድ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ወዳለው ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ከዘማሪዎቹ ጋር መቆሙም ከበደው። ዓባይነህም ፓቴንቴ የሌለው ሾፌር ሆኖ ቤት ዋለ። በየቀኑ ሾርባ ይዞ በአውቶቡስ ይጠይቀዋል። ስለ አየሩና ስለ ሐኪሙ ያወራሉ። «ይቅር በለኝ» የሚለውን ቃል መንገድ ላይ ያዘጋጀዋል፤ በሩን ሲከፍት ይጠፋበታል።

በበጋው ማለቂያ የተስፎም እኅት ሰመረት ከቦሎኛ ደውላ፣ «እኔ ጋ ይምጣ፤ ብቻውን ፎቅ መውጣት አይችልም» አለች። ፓቴንቴው ተመልሶለት ስለነበር ዓባይነህ «ዕቃውን እኔ አደርሳለሁ» አለ። ሲኞር ኦታቪዮ ዘንድ ሄደ። ያ የኤሌክትሪኩ ዕቃ ከመጣ ጀምሮ ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌው ካርቶኑን አወረዱ። ሽቦውን ከውስጥ ስበው፣ ሶኬቱን ገጥመው፣ ተሳቢ ተውሰው ሰኩና፣ «ውረድና ራስህ እይ» አሉት። እሳቸው መሪው ላይ ሆነው ፍሬን ረገጡ፤ ቀይ መብራት በራ። ሥራው ጠዋት ተጀምሮ ከምሳ በፊት አለቀ። ዓባይነህ ጥቂት ቆሞ አየውና ፊቱን አዞረ።

ቦሎኛ ሲደርሱ ሰመረት ምሳ አበላቻቸውና ሁለቱን ትታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ዓባይነህ ቁም ሣጥኑን ገጣጠመ፣ አልጋውን ዘረጋ። ሊሰናበት ሲል በሩ ላይ ቆመ።

«ተስፎም» አለ፣ «ያን ቀን ለምን ተከተልከኝ? እንቢ ብትለኝ እኮ...»

ተስፎም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሐል ይዟል። አሰብ አደረገ።

«እንቢ ብልህ ብቻህን ትሄድ ነበር። አትሰማም ነበርና።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ለዓባይነህ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር። «ይቅር በለኝ» አለው፣ ከወራት በኋላ፣ ወለሉን እያየ።

«ብያለሁ። ግን ያመኛል፣ ዓባይነህ። ሌሊት ሌሊት ያመኛል። እሱን አልዋሽህም።»

ዓባይነህ ራሱን ነቀነቀ፣ ተንበርክኮም ቀኑን ሙሉ ያበጠውን እግር ከጫማው ቀስ አድርጎ አወጣለት።