የሼህ በሽር አደራ

የበሰለ ማንጎ በሸተተኝ ቁጥር አሶሳ ያለው የጎረቤታችን የሼህ በሽር ግቢ ይታወሰኛል። በመንዙማ የታወቁ ሰው ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ግን ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ተዘጋ።

በመውሊድ ቀን ማንጎው ሥር ተሰብስበን ስንጠብቅ ድቤያቸውን ይዘው ወጡ። ወሎዬዋ እናቴ ጨንቋት፣ "ሼሃችን፣ ድምፅዎ እምቢ ቢልስ?" አለቻቸው።

"ድምፅ የኔ አይደለም፤ አላህ የሰጠኝ አማና ነው፣ አደራ" አሉ በቤርታ ቅላጼያቸው። ያኔ ነገሩ አልገባኝም።

ገና ሲጀምሩ ድምፃቸው ተሰበረ። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ይሄኔ ልጃቸው ዘሃራ ከሴቶቹ መሀል ሆና ስንኙን ካቆሙበት ቀጠለች። ሼሁ ዞረው አዩዋትና በረጅሙ ተነፈሱ፤ ከዚያ እየሳቁ ድቤውን መቱላት። እናቴ "አልሐምዱሊላህ!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

ዛሬ ሼሁ የሉም። ዘሃራ ግን ለመውሊድ መንጌ ድረስ ትጠራለች፤ እኔም አብሬያት ሄጄ አዝማቹን እቀበላታለሁ።