ከአማቴ ጋር ኦሞ ዳርቻ የዋልንበት ቀን

ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን የሚለው ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። ሆሳዕና ውስጥ በገባሁባቸው ክፍሎች ሁሉ ሰሌዳ ላይ የባሕር ዳርቻ ስያለሁ፤ ገደሉን፣ ሰላጤውን፣ ማዕበል የማይደርስበትን ጥግ በጠመኔ ከፋፍዬ "ይህ እንዲህ ይባላል" ብያለሁ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል?" ብትለኝ "ጥያቄው ከትምህርቱ ውጪ ነው" ብዬ አለፍኳት። ክፍሉ ሳቀብኝ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ተናደድኩ፤ የተናደድኩትም ልጅቷ ልክ ስለነበረች ነው።

ወንዙ ላይ የተሠራው ግድብ ውሃውን ወደ ኋላ ከመለሰው ወዲህ ከጠምባሮ በታች ያለው የኦሞ ሸለቆ ሐይቅ ሆኗል። እዚያ ያስተማረ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው የነገረኝ። ወዲያና ወዲህ ገደሉ ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ይገባል አለኝ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሁለት ቋጥኞች ግራና ቀኝ ቆመው መሃላቸው ነፋስ የማይነካው አሸዋ አለ። "ሂድና እየው፣ ባሕር ማለት እሱ ነው!" አለኝ። እሱም ባሕር አይቶ አያውቅም። ቢሆንም አመንኩት።

ለባለቤቴ ስነግራት "ውሃ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ? ቧንቧው ሲመጣ አታይም?" አለችኝ። የእኛ ሰፈር ቧንቧ እንዴት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ቀልዱ ይገባዋል። ሦስት ሳምንት ነዘነዝኳት። በመጨረሻ እሺ አለች፤ ግን እናቷን ከዶዮገና ይዘን እንድንሄድ። "ስኳር ከያዛት ወዲህ ከጤና ጣቢያና ከቤተክርስቲያን ሌላ ምን አየች? ትንሽ አየር ታግኝ" አለች።

ይህ ነው የከበደኝ። አማቴን ስለማልወዳቸው አይደለም፤ እንዲያውም እንደሳቸው የማከብረው ሰው የለኝም። ችግሩ መከባበሩ ራሱ ነው። አማቴ የድሮውን ወግ ይዘው የቀሩ ሴት ናቸው። ባደጉበት ወግ አማት ከልጇ ባል ፊት እህል አትቀምስም፣ እሱም ከእሷ ፊት አይበላም፤ ስሙንም አትጠራውም። የዛሬ ልጆች ትተውታል። የቤተክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች እንኳ "እናታችን፣ ይቅርብዎ" ብለዋቸዋል። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች! ባለቤቴን ካገባሁ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አማቴ ሲበሉ አይቼ አላውቅም፣ እሳቸውም እኔ ስጎርስ አይተው አያውቁም። ቤታችን ሲመጡ ጓዳ ይበላሉ፣ እኔ ሳሎን እበላለሁ። የሚነግሩኝ ነገር ሲኖርም በልጃቸው በኩል ነው። እኔ ሀዲያ ነኝ፣ እነሱ ከምባታ፤ ስለዚህ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፣ አማቴም በዚያችው አማርኛቸው "ለሱ ንገሪው፣ ኮቱን ይልበስ፣ ብርድ ነው" ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ!

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ የጎረቤታችንን ፒክአፕ ከነሾፌሩ ይዘን ማለዳ ተነሳን። ዶዮገና ስንደርስ አማቴ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር። ባለቤቴ "እማ፣ የስኳር መርፌሽን ተወጋሽ?" አለቻቸው። "ተወግቻለሁ፣ ጌታ ይመስገን" አሉ። ቁርስ በልተዋል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። እኔ መጠየቅ አልችልም፣ ነውር ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ሀደሮ ስንደርስ አብረን እንበላለን ብላ አስባለች።

ሀደሮ ላይ የገባንባት ሻይ ቤት አንዲት ክፍል ናት፣ አራት ጠረጴዛ። ሻይና ዳቦ መጣ። አማቴ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ዳቦውን አዩና "እኔ ቤት በልቻለሁ" አሉ። እኔም ፊታቸው ላለመብላት ብዬ ወጥቼ ገበያ ውስጥ ማንጎ መረጥኩ። ጥሩ ጥሩውን አሥር ማንጎ ገዝቼ የጀርባ ቦርሳዬ ውስጥ ከቤት ከያዝነው ቆጮ፣ ጎመንና አይብ ጋር አጨቅኩት። ስመለስ ሁሉም መኪና ውስጥ ገብተዋል። በኋላ ሲገባኝ፣ አማቴ እኔ ከወጣሁም በኋላ አልበሉም፤ በሩ ክፍት ነበር፣ ድንገት ብመለስስ?

መኪናው የሚሄደው ገደሉ አፋፍ ድረስ ነው። ሾፌሩ ወንበሩን አጋድሞ ጋቢውን ተከናነበና "እኔ ውሃ አይቻለሁ፣ ሂዱ" አለን። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱን በእግር ነው። እኔ ቦርሳውን ተሸክሜ በየድንጋዩ ላይ እያለከለክሁ እወርዳለሁ፤ አማቴ ከፊቴ ነጠላቸውን አደግድገው እንደ ልጅ ይወርዳሉ። አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝና ለልጃቸው "ለሱ ንገሪው፣ ቁጭ ብሎ ይረፍ" አሉ። ባለቤቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። የስኳር በሽተኛዋ ለእኔ አዘኑልኝ!

ከዚያም ታየ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደርቄ ቀረሁ። ግራና ቀኝ ቀይ ገደል ውሃው ውስጥ ይወርዳል፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ይብሳል፣ ዝንጀሮ እንኳ የሚቆምበት ያለ አይመስልም። እዚህ ግን ሁለቱ ቋጥኞች ነፋሱን ይዘውት አሸዋው ለስልሶ ተኝቷል። ውሃው አረንጓዴ ነው። ጫማዬን አወለቅሁ፤ አዞ አለ ብለው ስላስፈራሩኝ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ አልገባሁም። ውሃው እግሬን ነክቶ ሲመለስ ከሥሬ ያለው አሸዋ ሸርተት አለ። ይህን ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ እግር ሥር ሲሆን እንዲህ እንደሚያስደስት ግን የትኛውም መጽሐፍ አልነገረኝም። ብቻዬን ሳቅሁ። አማቴም ቋጥኙ ጥላ ሥር ተቀምጠው እጃቸውን አሸዋው ውስጥ ከተው "አቤት የጌታ ሥራ!" ይላሉ።

ይሄኔ ባለቤቴ የምንጠጣውን ውሃ መኪናው ላይ እንደረሳች ትዝ አላት። እኔ ልሂድ ብላት "አንተ ወጥተህ እስክትመለስ ይመሻል" አለችኝ። ልክ ናት። ጥቂት ወጣ እንዳለች ዞር ብላ "እማ፣ እኔን አትጠብቂ፣ ብይ! አንተ ደግሞ ዞር በልላት!" ብላን ሄደች።

ዞር አልኩላቸው። እንደኔ ያለ ጨዋ አማች የት ይገኛል? ቦርሳዬን አንስቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁና የቀኙን ቋጥኝ ዞሬ ማንም ከማያየኝ ጠባብ አሸዋ ላይ ደረስኩ። ለምን አነሳሁት? ከማለዳው ጀምሮ ተሸክሜው ነበራ! ተሸካሚ ነኝ፣ ሸክሙን አነሳሁ፤ እጄ ለምዶታል። ጭንቅላቴ ደግሞ ያን ጊዜ የሚያስበው ስለ ራሱ ጨዋነት ብቻ ነበር።

ቦርሳውን ተንተርሼ ጋደም አልኩ። ፀሐዩ ደረቴን ያሞቀዋል። የሚሰማ ነገር የለም፤ አልፎ አልፎ ከወዲያኛው ወገን ጧ የሚል ድምፅ ብቻ። ዓሣ ነው የሚዘልለው ብዬ ደስ አለኝ። ጧ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጧ። የሚታረም የፈተና ወረቀት የለ፣ ስብሰባ የለ። አማቴ ተረጋግተው እየበሉ ነው፣ ሚስቴ ትመጣለች፣ እኔ ባሕሬን አይቻለሁ። ከዚያ በላይ ምን እፈልጋለሁ? እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ።

የቀሰቀሰኝ ረሃብ ነው። "እስካሁን በልተው ጨርሰዋል፣ አይቡን ትተውልኝ ይሆን?" እያልኩ ስገላበጥ ማንጎ ማንጎ ሸተተኝ። ማንጎ ከየት መጣ? ከራስጌዬ!

ኢየሱስ! እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ያ ዓሣ ያልኩት ድምፅ እንኳ መቆሙን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ጫማ ሳላደርግ፣ በሾለው ድንጋይ ላይ እግሬን እየቆረጠኝ ቋጥኙን ዞርኩ።

አማቴ ቋጥኙን ተደግፈው ወደ ጎን ዘንበል ብለዋል። ነጠላቸው ወድቋል፣ ፊታቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። "እማማ!" ስላቸው አዩኝ፣ ግን ማን እንደሆንኩ የለዩኝ አልመሰለኝም። ስኳራቸው ወርዷል። የሐኪሙን ምክር ባለቤቴ አሥር ጊዜ ስትደጋግመው ሰምቻለሁ፤ ጣፋጭ ነገር ቶሎ ካላገኙ ራሳቸውን ይስታሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብም አልፈለግሁም። ገደሉን ቀና ብዬ አየሁ፤ ባለቤቴ የለችም። ብጠራትስ መቼ ትደርሳለች?

ቢላዋ የለኝም። ማንጎውን በጥርሴ ነክሼ ቀደድኩት፣ አንገታቸውን በክንዴ ደግፌ አፋቸው ላይ ጨመቅሁት። ከንፈራቸውን ገጠሙ። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆነው እንኳ ፊታቸውን አዞሩብኝ!

"እማማ፣ በጌታ ይሁንብዎ! ነውሩ በእኔ ላይ ይሁን፣ ይዋጡት!" ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ ሰው ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ።

አፋቸውን ከፈቱ። አንዱን ማንጎ ጨርሼ ሁለተኛውን ነከስኩ፤ ጭማቂው በአገጫቸውም በሸሚዜም ላይ ወረደ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ በራሳቸው እጅ ያዙት። መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ በረደ። ላባቸውን በነጠላው ጠርጌ ፊታቸው ተቀመጥኩ።

"ለምን አልጠሩኝም እማማ?" አልኳቸው።

"ምን ብዬ?" አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ለእኔ መናገራቸው ነበር። "ጠጠር ወረወርኩ። ውሃው ውስጥ ወረወርኩ፣ እንድትሰማ።"

እሳቸው ነፍሳቸውን ሊያድኑ ድንጋይ ሲወረውሩ እኔ ዓሣ እያዳመጥኩ ነበር። አፈርኩ። ቦርሳውን ፈትቼ ቆጮውን በእንሰት ቅጠሉ ላይ ዘረጋሁ፣ ጎመኑንና አይቡን አቀረብኩ፤ ቶሎ መብላት አለባቸው። ከዚያ ተነሳሁ፣ "እንግዲህ ዞር ልበልልዎ፣ እዚህ ቅርብ ነኝ" አልኩ።

"ቁጭ በል!" አሉኝ። "ዞር ስትልልኝ ልትገድለኝ ነበር። ብላ።"

ተቀመጥኩ። አማቴ ቆጮውን ቆርሰው፣ ዓይናቸውን ውሃው ላይ አድርገው፣ ፊቴ ጎረሱ። እኔም ጎረስኩ። እንደዚያ የከበደኝ ጉርሻ የለም፤ አልወርድ ብሎኝ እንደ ሌባ ቶሎ ቶሎ አላመጥኩ። ቀና ስል ያዩኛል።

ያኔ ባለቤቴ ጀሪካኗን ይዛ ከቁልቁለቱ ብቅ አለች። እኔና እናቷን በአንድ ቅጠል ላይ፣ ፊት ለፊት፣ አፋችን ሞልቶ ስታየን ባለችበት ቆመች። አማቴ አልደነገጡም።

"ነይ ተቀመጪ" አሏት። "ይህን ሰው ግን ምን እያበላሽው ነው እንዲህ የሚርበው? አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠግቦ ያድራል እያልኩ!"

ባለቤቴ ጀሪካኗን አስቀምጣ አጠገባችን ተቀመጠች። እናቴ የሞተችው አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጠገብክ ወይ ብሎ አፌን ያየ ሰው ትዝ አይለኝም። አማቴ ከቆጮው ቆረሱ፣ በአይቡ ጠቅልለው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። አፌን ከፈትኩ።