በተከለከለ ግቢ የበቀለ በሶብላ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወልቅ በሬ ተንኳኳ። ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ሜሮን ነበረች። ከቱሉ ዲምቱ ተነስታ መሀል ከተማ ድረስ በሚኒባስ ሥራ የምትመላለስ ልጅ ስለሆነች ከእሑድ በቀር ዓይኗን አላየውም። አፈር የተሞላ የፕላስቲክ ባልዲ በሁለት እጇ አቅፋለች።

«እማማ፣ በሶብላ ዘርቼ ሦስት ሳምንት አለፈው፤ አንድም አልወጣ። ዘሩ ነው የሞተው ወይስ እጄ ነው የማያበቅለው?»

«የት ድረስ ከተትሽው?» አልኳት።

የሌባ ጣቷን እስከ ሁለተኛው አንጓ አሳየችኝ።

«እንግዲያው ቀብረሽዋል» አልኳት። አዘራሩን ካሳየኋት በኋላ ባልዲዋን ይዛ ሄደች። እኔ ግን ነጠላዬን እንደለበስኩ ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ይህንኑ ቃል አንዲት ሴት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ብላኝ ነበር።

ያኔ የምንኖረው አቃቂ በሰቃ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩ ስምንት የኪራይ ክፍሎች በአንዷ ነበር። አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነው። የላላ ብሎን ያጠብቃል፣ ጎርፍ የበላውን ጠጠር ይሞላል። ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ባቡር ሲያልፍ የእናቴ ሰሃኖች መደርደሪያቸው ላይ ይንጫጩ ነበር፤ እኛ ግን ከመልመዳችን የተነሳ ወሬያችንን እንኳ አናቋርጥም። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ፋብሪካ ቅጥር እስኪወጣ እየጠበቅኩ፣ እናቴን እያገዝኩ ተቀምጫለሁ።

የግቢው ባለቤት እትዬ ሙሉነሽ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞተባቸው ጠንካራ ሴት ነበሩ። ተከራይ ሲያስገቡ አንድ ነገር አስጠንቅቀው ነው። «በግቢዬ ማንም ምንም አይተክልም። እርጥበት የጭቃ ግድግዳ ያፈርሳል» ይላሉ። ከራሳቸው ቤት ጀርባ ግን፣ በቆርቆሮ አጥር የተከለለ ጓሮ ነበራቸው። በሶብላው፣ ጤና አዳሙ፣ ኮሰረቱ፣ ጦስኙ እዚያ ነው። መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣ ሽታው አጥሩን ዘሎ ይመጣና ያስርበናል። ቅመም የምንገዛው ከእሳቸው ነበር። ከገበያ ይዞ የገባ ተከራይ ካለ ለሁለት ሳምንት ሰላምታ አይመልሱለትም። ስለዚህ ግድግዳው ሰበብ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን አልነበረም።

የዚያን ዓመት ጾሙ ሊፈታ ሰሞን እናቴ ለቅቤ ማንጠሪያ ከእሳቸው ዘንድ ላከችኝ። እትዬ ሙሉነሽ የደረቀውን በሶብላ በጋዜጣ ቋጠሩልኝ። «እናቴ ትንሽ ጨመር ያድርጉልን ብላለች» አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። «የሐዲድ ሰው በሶብላ ምን ያደርግለታል? አባትሽ እንደሆነ ከግራሶ ሌላ ሽታ አያውቅ።»

አጠገባቸው የነበሩ ሁለት ተከራዮች አብረው ሳቁ። ቋጠሮዬን ይዤ ወጣሁ። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ወደ ቤት ሳይገባ ውጭ ቆሞ እጁን መጀመሪያ በናፍጣ፣ ቀጥሎ በአሸዋ፣ በመጨረሻ በሳሙና የሚያሽ ሰው ነበር። እጁን ሳያሸት እንጀራ አይቆርስም። ይህን እያሰብኩ ደሜ እንደፈላ ቤት ገባሁ።

እናቴ ጋዜጣውን ስታራግፍ ከእጥፋቱ ሥር እንደ ባሩድ የጠቆረ ደቃቅ ነገር ቀረ። በጣቴ አንስቼ ወደ ብርሃን ያዝኩት። ዘር ነበር። ሴትዮዋ አበባውን ከነዘሩ አድርቀው ነበር የሚሸጡልን።

የመጀመሪያውን ዙር በሳልሳ ጣሳ፣ የግቢያችንን ጥቁር አፈር ሞልቼ፣ ዘሩን ወደ ታች ገፍቼ ቀበርኩት። የአቃቂ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ሊጥ ይሆናል። አንድም አልወጣም። ሁለተኛውን ላዩ ላይ በተንኩትና በጣሳ ውሃ ደፋሁበት፤ ዘሩ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ሄዶ ተከማቸና ሻገተ። ጣሳውን ይዤ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጥኩ አደ ጫልቱ መጡ። ከገላን በኩል በእግራቸው እየመጡ ለግቢው ወተት የሚያቀርቡ ገበሬ ናቸው፤ «አደ» በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው። ጎንበስ ብለው ሲያዩ «ይሄ ሁለተኛው ነው» አልኳቸው። «የበፊቱንስ ምን አደረግሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ቀብረሽው ነዋ። ይሄ ዘር ብርሃን ካላየ አይነሳም። ከወንዙ ደቃቅ አሸዋ አምጪ፣ የደረቀ ፍግ ፈጭተሽ ደባልቂበት። ዘሩን ላዩ ላይ በትነሽ በመዳፍሽ ጫን አድርጊው እንጂ እንዳታለብሺው። ውሃም ከላይ አታፍስሺበት፤ ከጣሳው ሥር ይጠጣ።»

የጣሳዎቹን ቂጥ በምስማር በሳሁ። ከአቃቂ ወንዝ ዳር አሸዋ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አመጣሁ። ዘርቼ እርጥብ ጆንያ ሸፈንኩበት፤ ጣሳዎቹንም ምስር የታጠበበት እጣቢ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ግንቦት ሞቃት ነበር። በሰባተኛው ቀን ጆንያውን ስገልጥ አፈሩ ላይ አረንጓዴ ነገር ተርከፍክፏል። ከራስ ምታት ክኒን የሚያንሱ፣ ጥንድ ጥንድ ቅጠሎች። ከሳምንታት በኋላ አንዱን በጣቴ ነካ አድርጌ ሳሸተው ራሱ ነበር፤ በሶብላ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። ደካማዎቹን እየነቀልኩ፣ ሲረዝሙ አናታቸውን እየቀነጠስኩ፣ ሰኔ ሲገባ ስድስት ጣሳ ሙሉ አደረስኩና መስኮታችን ላይ ደረደርኳቸው። ልደብቃቸው እችል ነበር፤ ግን እንዲታዩ ፈለግኩ።

እትዬ ሙሉነሽ ለማየት ሁለት ቀን አልፈጀባቸውም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በሶብላ ነው፣ እትዬ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«መሬትዎን አልነካሁም። ጣሳው የእኛ ነው፣ አሸዋው የወንዝ ነው፣ የሚጠጣውም የምስር እጣቢ ነው።»

«ዘሩንስ ከየት አባሽ አመጣሽው?»

«እርስዎ ከሸጡልን ውስጥ ነው።»

ፊታቸው ጠቆረ። «እስከ እሑድ ጣሳዎቹ ይነሱ። አለዚያ እናንተ ትነሳላችሁ» ብለው ሄዱ።

እናቴ ለመነችኝ። «ታደለች፣ ልጄ፣ ክረምት መጣ። በቅጠል ምክንያት ሜዳ ላይ ልንወድቅ ነው?» አለችኝ። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ሁሉንም ነገረችው። እሱ ወደ መስኮቱ ሄዶ አንዱን ቅጠል አሸት አሸት አደረገና ጣቱን አሸተተ። ከዚያ ጫማውን ሊያወልቅ ተቀመጠ። እኔ ላንሳቸው ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ቅዳሜ ዕለት ግን ከስድስቱ ጣሳዎች አራቱን ይዤ በየጎረቤቱ በር ዞርኩ። «መስኮታችሁ ላይ አስቀምጡት። ለሁላችንም ከበቀለ ሁላችንን አያስወጡም» አልኳቸው። አራት ቤቶች ተቀበሉኝ። ሲመሽ ከአራቱ ሁለቱ ጣሳውን መልሰው ደጃፋችን ላይ አስቀመጡት። አልፈረድኩባቸውም፤ ልጆች ነበሯቸው።

እሑድ እትዬ ሙሉነሽ መጡና የእኛን ጣሳዎች አንድ በአንድ ከመስኮቱ ገፈተሯቸው። ቅጠሉን በጫማቸው ረገጡት፤ ግቢው ሁሉ በሶብላ በሶብላ ሸተተ። የሁለቱን ጎረቤቶች ጣሳ አይተው እንዳላዩ አለፉ። «ወሩ ሲያልቅ ክፍሌን እፈልገዋለሁ» አሉ ለአባቴ። አባቴ «ይሁን» አለ።

በሰኔ መጨረሻ ዝናብ እየወረደብን፣ ጭቃው ጉልበታችንን እየያዘ፣ ዕቃችንን በአህያ ጭነን ወጣን። አደ ጫልቱ ከወንድማቸው ዘንድ በገላን መንገድ ላይ አንድ ክፍል አስከራዩን። ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈሳል። እናቴ ያን ክረምት አኩርፋኝ ከረመች፤ ስታናግረኝም እንደ ሌላ ሰው ልጅ ነበር። አባቴ ከጎህ በፊት ተነስቶ ሐዲድ ሐዲዱን አንድ ሰዓት ያህል በእግሩ እየሄደ ሥራ ይገባል። ከቤቱ ጀርባ ግን የፈለግነውን ያህል መሬት ነበር። ከተረገጡት መሀል ሥራቸው የተረፈውን ስድስት ሰባት እግር በጨርቅ ጠቅልዬ አምጥቼ ስለነበር እነሱን ተከልኩ። ቀሪውን ዘሩ አበዛልኝ።

መስከረም ሲጠባ እየቀጠፍኩ በእቅፍ በእቅፍ አስሬ ጣቢያው ወሰድኩት። ባቡሩ ሲቆም ዳቦና ቅቅል እንቁላል ከሚሸጡት ሴቶች ጋር ወደ መስኮቶቹ እሮጣለሁ። ቆላ የሚወርዱ መንገደኞች ሽታው ስቧቸው ይገዙኝ ነበር። የተረፈውን ደግሞ ይዤ ሄጄ እትዬ ሙሉነሽ በር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

ወጡ። «ከበሬ ላይ ተነሺ።»

«በሩ የእርስዎ ነው፣ እትዬ። መንገዱ ግን የሁሉም ነው።»

 ገብተው በሩን ዘጉ። የዚያን ቀን ከግቢው ሦስት ሴቶች ወጥተው ገዙኝ። ከነዚያ አንዷ ጣሳውን የመለሰችልኝ ነበረች። ለሦስቱም ዘር በወረቀት ቋጥሬ ምራቂ ሰጠኋቸው፤ ሲዘሩ እንዳይቀብሩትም ነገርኳቸው። ሁልጊዜ ቅዳሜ እመጣ ነበር። በዓመቱ ከስምንቱ ክፍሎች አምስቱ መስኮታቸው ላይ ጣሳ ነበራቸው። እትዬ ሙሉነሽ ማንንም አላስወጡም። ግድግዳውም አልፈረሰ።

አንድ ቀን ከጣቢያው ከአባቴ ጋር ስንመለስ፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ በሐዲዱ ዳር እየሄድን፣ «አባዬ፣ በእኔ ምክንያት መንገዱ ራቀብህ» አልኩት። ዞር ሳይል «እግሬን ነው የራቀው፤ እኔን አልራቀኝም» አለኝ። በሌላ ቀን በዚህ ጉዳይ አልተነጋገርንም።

አሁን አባቴም እናቴም የሉም። በዚያ ሐዲድ ላይ ባቡር ማለፍ ካቆመ ቆይቷል። ልጆቼ ግትር ነሽ ይሉኛል፤ ይህን ታሪክ ስነግራቸውም አንዷ «ለጥቂት ጣሳ ቅጠል ብለሽ አያታችንን በጭቃ ውስጥ አስኬድሽው» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ቅጠል ብቻ እንዳልነበረ ግን እሱም ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። አንዳንዴ ያን ቀን ጫማውን ሲያወልቅ ምነው በጠየቅኩት እላለሁ። ቤቱ የእሱ፣ የሚደክመውም እግር የእሱ ነበርና መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ብጠይቀው ምናልባት «አንሻቸው፣ ልጄ» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ አላነሳቸውም ነበር።