ስም ጠሪዋና ጉንፋኑ

ልጅ እያለሁ ድምፄ ከቁመቴ ይበልጥ ነበር። ከቤታችን ደጃፍ ሆኜ ወንድሜን ስጠራ ገበያ ያለው የአባቴ የጨርቅ ሱቅ ድረስ ይሰማል እያሉ ጎረቤቶች ይቀልዱብኝ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ስንገባ የክፍላችን ኃላፊ ጋሼ ፈንቴ መዝገቡን አስይዘው ስም ጠሪ ያደረጉኝም ለጉብዝናዬ ሳይሆን ለጉሮሮዬ ነው። እኔ ግን እንደ ደጃዝማችነት ነው የተቀበልሁት። ጠዋት ጠዋት፣ ከጣና የሚመጣው የደንገልና የእርጥብ አሸዋ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ አርባ ሰባት ስም ከነአባቱ እጠራለሁ፤ አርባ ሰባት «አቤት» እቀበላለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው። መጽሐፍ ብርቅ ስለነበር በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነን፣ ሦስታችንም አንድ መጽሐፍ ላይ አቀርቅረን ነበር የምናነበው። ግንቦት ተጋምሶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጉንፋን ገባ። ጉንፋን በየዓመቱ ይመጣል፤ የባሕር ዳር ሰውም በየዓመቱ ስም ያወጣለታል። የዚያን ዓመቱን «አፈሳ» አሉት፣ በየቤቱ እየገባ ያገኘውን ስለሚወስድ። ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና ከየመንገዱ የሚታፈሱበት ጊዜ ነበርና ቀልዱ የሚነገረው በር ተዘግቶ ነው። ክፍላችን ነጭ ሽንኩርትና ዳማ ከሴ ሸተተ። ሚኒስትሪ ልንፈተን አንድ ወር ቀርቶናል።

ከፊቴ ባለው ዴስክ የምትቀመጠው ውድነሽ አያሌው ከሁላችን የበለጠ ጉንፋንን ትፈራ ነበር። ከሰባታሚት በእግሯ ነው የምትመጣው። ያለፈው ዓመት ሚኒስትሪ ሲደርስ ጉንፋን ይዟት፣ ለማንም ሳትናገር ለቀናት ዝናብ እየመታት ተመላልሳ፣ ፈተናው ዕለት ከአልጋ መነሣት አቅቷት ቀርታለች። ክፍል ደግማ ነው እኛ የደረስንባት። አባቷ ጋሽ አያሌው፣ «አንድ ዓመት ለትምህርት ሰጠሁ፣ አንድ ዓመት ለጉንፋን ሰጠሁ፤ ሦስተኛ የለኝም» ብለዋታል። ጋሽ አያሌው ያሉትን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም።

ጋሼ ፈንቴ የሳይንስ አስተማሪ ናቸው፤ ቀጭን፣ ኪሳቸው ከጠመኔ የማይለይ ሰው። አንድ ጠዋት ጠሩኝና፣ «ዘይነባ፣ የቀረውን ብቻ ሳይሆን የሚያስለውንም ምልክት አድርጊበት። ጉንፋን ዱካ አለው፤ ዱካውን ካወቅን ቀድመነው እንቆማለን» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሚያስል ልጅ ስም ጎን ነጥብ ማኖር ጀመርሁ። በሳምንቱ ነጥቦቹን ወደ ኋላ ብንከተላቸው፣ አብሮ ካነበበ ወደ አብሮ ያነበበ እየተሻገሩ ሄደው ሄደው እኔው ላይ አረፉ። ወረታ ለዘመድ ሠርግ ሄጄ ጉንፋኑን ይዤ የገባሁት እኔ ነበርሁ። ጋሼ ፈንቴ ሳቁ፤ «አንቺስ ታመሽ ተነሥተሻል፣ የዘንድሮው አይደግምሽም» አሉኝ። እኔ ግን የውድነሽን ጀርባ እያየሁ አልሳቅሁም።

ጥፋቴ የመጣው ከዚህ ነው። ማንም ሳያዘኝ፣ ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ደብተር ይዤ በየልጆቹ ቤት መዞር ጀመርሁ። ቤት ውስጥ ማን ያስላል፣ ወንድም አለ ወይ፣ ስሙ ማን ነው፣ ዕድሜው ስንት ነው እያልሁ እጽፋለሁ። በኩራት ነበር የምጽፈው፤ አንዳንድ እናቶች ፊታቸው ሲለዋወጥ የጎበዝ ተማሪ ደብተር ያስደነገጣቸው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ነጥብ ጠፋ። ክፍል ውስጥ አንድ ሰው አያስልም። ልጆቹ ዝንጅብል በጉንጫቸው ይዘው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ደህና ነን» ይላሉ። ጉንፋኑን ድል አደረግነው ብዬ ለጋሼ ፈንቴ አወራሁ። በሳምንቱ ስም ስጠራ መካከለኛው ረድፍ እንዳለ ዝም አለኝ። ዘጠኝ ልጅ አልጋ ላይ ወድቋል።

ነገሩን የገለጠችልኝ እናቴ ናት። ገበያ ሰምታ መጥታ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። «አንቺ ልጅ፣ አገሩ ልጁን ቆጥ ላይ ደብቆ ያድራል፤ አንቺ ደብተር ይዘሽ በየደጁ ወንድም አለ ወይ፣ ስንት ዓመቱ ነው ትያለሽ። ቀበሌ የላከሽ ነው የመሰላቸው። ልጇን የደበቀች እናት ሳሉን ትነግርሻለች?» አለችኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ለጋሼ ፈንቴ ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። አልተቆጡኝም። በማግስቱ ጠዋት ልጆቻቸውን ሊያደርሱ የመጡ እናቶች በር ላይ እንዳሉ ደብተሩን አስወጡኝና በእጄ እንድቀደው አደረጉ። «ከእንግዲህ በዚህ ክፍል ሳል አይጻፍም» አሉ። አንዲት እናት ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ ምድጃ ልትከተው ነው። ቀና ስትል ግንባሬን ሳመችኝ።

ታዲያ ያለ ወረቀት ምን ሊኮን ነው? እዚህ ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮ እንዳለኝ ያወቅሁት። ያን ያህል ወር አርባ ሰባት «አቤት» ስሰማ የእያንዳንዱን ልክ ሳላውቀው አጥንቼዋለሁ። ልጁ ከማሳሉ አንድ ቀን አስቀድሞ ጉንፋኑ «አቤት»ው ላይ ይቀመጣል፤ ወይ ይሻክራል፣ ወይ ከአፍንጫ ይወጣል፣ ወይ መጨረሻው ላይ ይሰንፋል። ዝንጅብሉም አያድነው። ጋሼ ፈንቴ ከኋላዬ ቆመው፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ይስቃሉ። «ውጪ» ያልሁት ልጅ፣ ወይም «ውጣ» ያልሁት፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ዋርካ ጥላ ገብቶ ይቀመጣል፤ ትኩሳት ካለው ቤቱ ይተኛል። አንድ መጽሐፍ ላይ ሦስት ሆኖ ማቀርቀርም ቀረ። እኔ ሰሌዳው ጋ ቆሜ አነባለሁ፤ ውስጥ ያለውም ዋርካው ሥር ያለውም ተራርቆ ያዳምጣል። የተሰደበው ጉሮሮዬ ለዚያ ቀን ነበር የተፈጠረው።

ሚኒስትሪ ረቡዕ ሊሆን፣ አርብ ጠዋት፣ «ውድነሽ አያሌው» አልሁ።

«አቤት» አለች።

ደህና «አቤት» ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈዋል። እኔ ግን መጨረሻው ላይ ሲሰንፍ ሰማሁ። ዞራ አየችኝ፤ ዓይኖቿ ይለምኑኛል። መዝገቡ በእጄ ከበደኝ። ብተዋት ሦስት ቀን በዝናብ ተመላልሳ እንዳምናው ልትወድቅ ነው፤ ብናገር ከፈተና ላስቀራት የፈለግሁ ልመስላት ነው።

«ውድነሽ፣ ውጪ» አልሁ።

«አላሳለኝም እኮ፣ ዘይነባ» አለች ቀስ ብላ። ወጣች፤ ስትወጣ አላየችኝም።

ጋሼ ፈንቴ ለአባቷ መልእክት ላኩ፤ እኔ ቤታችን ወሰድኋት። ሰባታሚት ድረስ በዝናብ እንዳትመላለስ ነው። እኛ ሙስሊሞች ነን፣ እሷ የቄስ ዘመድ ናትና እናቴ አዲስ ድስት አውጥታ ሽሮ ሠራችላት፤ አጥሚት አጠጣቻት፤ «እዚህ ቤት እተኛለሁ እንጂ እፈተናለሁ አይባልም፤ ተኝተሽ ስትድኚ ነው የምትፈተኚው» አለቻት። ማታውን ትኩሳቱ ወጣባት። ቅዳሜና እሑድ ውድነሽ ለእናቴ እንጂ ለእኔ አልተናገረችም። ሰኞ ከሰዓት ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች፣ «ምዕራፍ ሰባትን አንብቢልኝ» አለች። አነበብሁላት። ስምንትንም ደገምሁ፣ ዘጠኝንም። ማክሰኞ ተነሥታ ፀጉሯን ተሠራች።

ረቡዕ ፈታኞቹ ሲመጡ ጋሼ ፈንቴ ስሙን እኔ እንድጠራ ለመኑልኝ። የጎረቤት ክፍሎች ደጃፍ ላይ ስሙ ተጠርቶ መልስ ያጣ ልጅ ብዙ ነበር። የእኛ ተጀመረ። አንድ «አቤት»፣ ሁለት «አቤት»፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ከሳል የተነሡት፣ ዋርካው ሥር የከረሙት፣ ከመካከለኛው ረድፍ የወደቁት ዘጠኙም አሉ። «ውድነሽ አያሌው» ስል ድምፄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳኝ።

«አቤት!»

እንደ ደወል ነበር። አርባ ሰባት ጠራሁ፣ አርባ ሰባት ተቀበልሁ። ጋሼ ፈንቴ መዝገቡን ከእጄ ሲወስዱ «አንድ እንኳ አልነጠቀንም» አሉኝ። ያን ቀን ከፈተናው በኋላ ሐይቁ ዳር ድረስ እየዘፈንን ሮጥን፤ እንደዚያ ሆኜ ያሸነፍሁበት ቀን ከዚያም ወዲህ አላጋጠመኝም። ውጤት ሲመጣ ውድነሽ አልፋለች። ጋሽ አያሌው አንድ ማሰሮ ማር ተሸክመው ቤታችን መጡና፣ «ይኼ ለጆሮዋ ነው» ብለው ለእናቴ ሰጡ።

ዛሬ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ ሙቀት መለኪያ ግንባሯ ላይ ይደቅኑባታል፤ ከቀረች ለእናቷ በስልክ መልእክት ይደርሳታል። መልካም ነው፤ ስም ይጻፋል ብሎ ልጁን የሚደብቅ አለመኖሩ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም «አቤት»ዋን የሚያውቅ ሰው እዚያ በር ላይ ቢኖር እወድ ነበር።

ውድነሽ ዱርቤቴ ከተማ አስተማሪ ሆና ኖራ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ግንቦት ገብቶ ዝናብ ሲጀምር በየዓመቱ እደውልላታለሁ። ሰላምታ የለም፤ «ውድነሽ አያሌው» ነው የምላት፣ እንደ መዝገቡ ከነአባቷ። ዘንድሮም «አቤት» አለች። መጨረሻው ላይ አንድ ሻካራ ነገር ሰማሁ።

«ውጪ» አልኋት።

ሳቀች፤ ሳቋ መንገድ ላይ ወደ ሳል ዞረባት። ትንፋሿ ሲመለስላት፣ «እሺ ስም ጠሪዋ፣ ተኛሁልሽ» አለች።