ለሚ በጌዶ የዘፈነ ቀን

ነገሩ የሆነው በሰባዎቹ አጋማሽ፣ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ነው። ዛሬም የኤሌክትሪክ ጊታር ስሰማ ሬዲዮውን እዘጋለሁ።

ያኔ ማትሪክ ወድቄ ጌዶ ወላጆቼ ቤት ተቀምጬ ነበር። አምቦ ስማር ለሚ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ አውቅ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ በር ላይ ጊታሩን ይዞ ይዘፍናል። ግጥሙም ዜማውም የራሱ ነው። ኦርኬስትራ የለው፣ ኪነት ቡድን ውስጥ የለ። ጊታሩን ከአሮጌ ሬዲዮኖች በገጣጠመው ማጉያ ላይ ይሰካና በእግሩ የጣውላ ሳጥን እየመታ ይጀምራል። ስፒከሩ የተቀደደ ስለነበር ድምፁ ይሻክራል፤ ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና ያጓራል። ቀይረው ሲሉት "እኔ የምፈልገው ይሄንኑ ነው" ይላል።

አንድ አስተማሪያችን "ይሄ ሮክ ይባላል" ብሎን ነበር። እኛ ስሙ አላስጨነቀንም። ስለ ጭቃው መንገድ፣ ሳያቆም ስለሚያልፈን አውቶቡስ፣ ፈተና ወድቆ አባቱን ቀና ብሎ ማየት ስላፈረ ልጅ ይዘፍናል። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። እኔን የሚያውቀኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ለሚ በጌዶ አዳራሽ ሊዘፍን ነው፣ መግቢያውም በነጻ ነው ተብሎ ተለፈፈ። ስለ አብዮቱ አልዘፍንም ስላለ እስከዚያ ድረስ መድረክ ተከልክሎ ነበር። ገረመን፤ ግን ደስታችን በለጠ። ከጎረቤት ከተማ ከእጃጂ በጭነት መኪና ተንጠልጥለው የመጡ ልጆች ሁሉ ነበሩ።

ከምሳ በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የአውቶቡሱን ዘፈን ሲጀምር ሁላችንም ብድግ አልን። አብረነው ስንጮህ ውጭ የቆሙትን መኪኖች አልሰማንም።

ድንገት ማጉያው ጸጥ አለ። በሮቹ ላይ ታጣቂዎች ቆመዋል።

"ማንም እንዳይነቃነቅ! ሴቶች ብቻ ውጡ!"

አፈሳ ነበር።

ወደ መድረኩ ዞር ስል አንድ ካድሬ ለሚን ትከሻውን አቅፎ በጓሮ በር ይዞት ሲወጣ አየሁ።

"ሸጠን!" አለ አጠገቤ የነበረው ልጅ። እኔም አመንኩ።

እናቴ ከውጭ ስሜን እየጠራች መኪናው ተነሳ። ከዚያ ማሰልጠኛ፣ ከዚያ ሰሜን። ከአዳራሹ አብረን የተጫንነው ምሽግ ውስጥ አንድ በአንድ አለቅን። ከጠላት ይልቅ ለሚን ነበር የምንረግመው።

ደርግ ሲወድቅ አገሬ ገባሁ። ብዙም ሳልቆይ ለሚን ፊት ለፊት ልጠይቀው አምቦ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ አገኘሁት፤ ጠጉሩ ሸብቷል።

"ከጌዶ አዳራሽ ከተወሰዱት ነኝ" አልኩት። "እኛን ስትሰጣቸው ምን ሰጡህ?"

እጁ ላይ የነበረውን ሬዲዮ አስቀመጠ። እናቱ ከጓዳ ሰምተውኝ ወጡ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ከጌዶ ነው የወሰዱህ? ገመቹን ታውቀዋለህ? የለሚ ታናሽ ነው። ወንድሜ ሲዘፍን ልይ ብሎ አብሮት ሄዶ በዚያው ጫኑት።"

ገመቹን አውቀዋለሁ። አንድ ምሽግ ውስጥ ነበርን። ለሚን ስንረግም ቃል ሳይተነፍስ ተነስቶ ይሄድ ነበር። ወንድሜ ነው አላለም። እንዴት ይበል? ከጎኔ ነው የወደቀው፤ አፈር ያለበስኩትም እኔ ነኝ።

ነገርኳቸው። እናቱ መሬት ላይ ተቀመጡ። ለሚ እናቱን ደግፎ ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

"መድረክ ተፈቀደልህ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት" አለ። "ካድሬው እንዳቀፈኝ፣ ድምፅህን ብታሰማ እዚሁ ትቀራለህ አለኝ። ገመቹ ስሜን ሲጠራ እየሰማሁ ነው ያወጡኝ።"

ከጌዶው አፈሳ በኋላ ጊታር ነክቶ አያውቅም።

እዚያ ለቅሶ ተቀምጬ ወደ ጌዶ ተመለስኩ። ለሚን ይቅር የምለው ነገር የለኝም፤ ምንም አላደረገኝም። ያንን ቀን ያቀዱትን ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም፣ ልላቸውም አልፈልግም። የለሚን ዘፈኖች የቀረጸ ካሴት የለም። የሰማናቸው እኛ ብቻ ነን፤ ከእኛም አብዛኛው አልተመለሰም።